ወደ ኋላ የሚመልሰው ቁልፍ

ይህ የደረሰብኝ ሚሊኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ፍኖተ ሰላም የመሰናዶ ተማሪ ሳለሁ ነው። ዛሬ ቡሬ ውስጥ ተቀጥሬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ፊት የምውል ሰው ነኝ። ሌላ ሰው የሚረሳውን ረስቶ ሥራውን ይሠራል። እኔ ግን ፎቶ በከፈትኩ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል፤ ልረሳው የምፈልገው ነገር ከጣቴ ሥር ነው ያለው።

ታላቅ ወንድሜ አስማረ ይባላል። አባታችን ገና ልጆች ሳለን ስለሞተ እርሻውን የያዘው፣ እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። አገራችን ከጅጋ ወጣ ብሎ በእግር የሚኬድበት ገጠር ነው። ያን ዓመት አንዱ በሬ ሞተበትና ሌላ መግዣ ለማግኘት ከሰፈር ልጆች ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሊሄድ ተነሣ። ለመንገዱ መታወቂያ ያስፈልገው ስለነበር ፍኖተ ሰላም መጥቶ ጉርድ ፎቶ ተነሣ።

እኔ ትምህርት ላይ ነበርኩ። የተከራየሁበት ቤት ድረስ መጥቶ ዳቦ ቆሎ አስቀመጠልኝና ለአከራዬ፣ "መናኸሪያው አጠገብ ካለው ፎቶ ቤት ተነሣሁ፤ ኮት አልብሰው ሹም አደረጉኝ በሉልኝ" ብሎ ሄደ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የተሳፈረበት መኪና ወጥቷል። ሳንተያይ ቀረን።

ከአጨዳው በኋላ አብሮት የሄደው ጎረቤታችን ምናለ ብቻውን ተመለሰ። በእጁ የአስማረን ጋቢ ይዟል። ወባ ጣለው፣ እዚያው ቀበርነው አለ። መታወቂያውና የቀሩት ፎቶዎች የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም።

እናቴ መጀመሪያ አልጮኸችም። ጋቢውን ተቀብላ ደረቷ ላይ ያዘችና፣ "ዓይኑን ማን ከደነለት?" አለችው።

ምናለ መሬት መሬቱን አየ።

"ንገረኝ እንጂ ልጄ። ማን ከደነለት?"

"እኔም ታምሜ ነበር እትዬ" አለ።

እኛ አገር የሞተን ሰው ዓይን የሚከድን የቅርብ ሰው ነው፤ እናት ካለች እናት፣ ከሌለች እኅት ወይ ሚስት። ዓይኑ ተገልጦ አፈር የገባ ሰው፣ ሰው እየጠበቀ ሄደ ይባላል። እምዬ እንግዲህ ያዘነችው ሁለት ኀዘን ነው። አንደኛው መሞቱ ነው። ሁለተኛውን አታነሳውም ነበር፤ ግን ሌሊት ስትገላበጥ እሰማታለሁ፤ ተኝታም ቢሆን "እየጠበቀኝ ነው" ትላለች።

ሰው አገር ለሞተ ሰው፣ አስከሬኑ ባይኖርም ለቅሶ ይደረግለታል። ልብሱና ፎቶው መካከል ላይ ይቀመጡና አገሩ ሁሉ ዙሪያውን ያለቅሳል። የአስማረ ፎቶ ግን በቤታችን አንድም አልነበረም። ዘመዶች ጋቢው ይበቃል አሉ። እምዬ አልተስማማችም። "ፊት የሌለው ለቅሶ ምን ለቅሶ ነው? ጨርቅ ላልቅስ?" አለች። ለቅሶው ለእሑድ ተቀጠረ፤ እሷ ሐሙስ ተነሥታ ከእኔ ጋር ፍኖተ ሰላም ገባች።

ፎቶ ቤቱ በተማሪ ተጨናንቋል። የፈተና ምዝገባ ሰሞን ስለነበር ሁሉም ጉርድ ፎቶ ይፈልጋል። ባለቤቱ ይበልጣል የሚባል ወጣት ነው፤ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር። ችግራችንን ስነግረው እጁን አገጩ ላይ አደረገ።

"ፎቶው አለ፤ እኔ አላጠፋም፤ ለማጥፋትም ጊዜ የለኝ። ግን በስም አላስቀምጥም። ሁሉም በቁጥር ነው። በየትኛው ቀን ነው የተነሣው?"

ወሩን እንጂ ቀኑን አላወቅንም። እሱ ደግሞ አስማረን አያስታውሰውም። እንዴት ያስታውሰው? ሁሉም ያንኑ ኮት ለብሶ ነው የሚነሣ። ያንን ኮት አውቀዋለሁ፤ ግማሹ ፍኖተ ሰላም ለብሶታል።

ይበልጣል ለሥራው አዲስ ኮምፒዩተር ነበረው፤ አሮጌው ጥግ ላይ አቧራ ለብሷል፤ የድሮ ፎቶዎች የተቀመጡት እሱ ላይ ነው። አስነሣልንና በፎቶ ማስተካከያው የዚያን ወር ፎቶዎች ከፈተ። ቀስት ያለባቸው ቁልፎች ከሞቱ ቆይተዋል። ስለዚህ ራሱ በሌላ ፊደል ተክቶ፣ ሁለት ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ እየተጫነ ነበር የሚሠራበት። እኔ ልሞክር ብዬ ተቀመጥኩ፤ እሳት የላስኩ ተማሪ መሆኔ ነው። ወዲያው የማላውቀው ነገር ተጫንኩና ስክሪኑ ላይ የነበረው የአንድ ሰውዬ ፎቶ ተገለበጠ።

"ተነሺ አንቺ" አለች እምዬ። "ልጁን የማውቀው እኔ ነኝ፤ እኔ እፈልገዋለሁ።"

ሣቄ መጣ። እምዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ ኮምፒዩተርም ያን ቀን ነው ያየች። ይበልጣል ግን አልሣቀም። ደንበኞቹን አስቁሞ አጎነበሰና አንድ ቦታ ከፍቶ ቁልፎቹን ይቀያይር ጀመር። ረጅሙ ቁልፍ ወደሚቀጥለው ፎቶ እንዲወስድ አደረገ። ከጥግ ያለውን ሰፊ ቁልፍ ደግሞ ወደ ኋላ እንዲመልስ አደረገውና እንዳይጠፋት የቁስል ነጭ ፕላስተር ቆርጦ ለጠፈበት። የመሰረዣውን ቁልፍ ሥራ አስፈታው።

"እማማ፣ ይኼን ረጅሙን ሲጫኑ ሌላ ሰው ይመጣል። ካለፈብዎ ይኼን ነጩን ይጫኑት፤ ያለፈው ይመለሳል። ሌላው ምንም አያደርግም፤ አይፍሩ። ሲያገኙት ይጥሩኝ።"

"ያለፈው ይመለሳል?" አለች።

"አዎ፤ ይመለሳል።"

"እግዚሃር ይስጥህ ልጄ።" እጇን በቀሚሷ ጠራረገች፤ ቅዱስ ነገር የምትነካ ይመስል በአንድ ጣቷ ረጅሙን ቁልፍ ነካችው።

እኔ አጠገቧ ቆምኩ። ማንንም ዘላ አታልፍም። ፊት በመጣ ቁጥር አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ትነሣለች፤ ከዚያ ነው ጣቷን የምታወርድ። ሽማግሌ ሲመጣ "እንደምን ዋላችሁ" ትላለች። ሕፃን ሲመጣ "እደግ" ትላለች። የምታውቀው ሲገጥማትማ ወሬው አያልቅም።

"ይኸ የነ ሙሉ ልጅ አይደለም? ከስቷል።"

"እምዬ፣ እንዲህ ከሆነ እሑድ እዚሁ ያገኘናል። እለፊያቸው።"

"የሰው ፊት ነው። እንደ ገለባ ልበትነው?"

ረኃብም ስለያዘኝ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ዋናው መንገድ ላይ ባጃጆቹና ጋሪዎቹ ይተራመሳሉ፤ ሰው ይሣቃል፤ እኔ በዚያ መካከል የወንድሜን ፊት ፍለጋ ላይ መሆኔ እንግዳ ነገር ሆነብኝ።

ስመለስ እምዬ ዝም ብላለች። ሰላምታዋ አይሰማም። ጀርባዋን ነው የማየው፤ ቀኝ እጇ ረጅሙ ቁልፍ ላይ፣ ግራ እጇ ነጩ ፕላስተር ላይ ነው። አንዱን ትጫናለች፤ ትቆያለች፤ ሌላውን ትጫናለች።

ቀረብ ብዬ በትከሻዋ በኩል አየሁ። ዳቦው ከእጄ ወደቀ።

አስማረ ነው። ኮቱ ሰፍቶታል፤ አንገቱ ላይ ያለው የማተብ ክር ከሸሚዙ ወጥቷል። ዓይኑን ጨፍኗል። እምዬ ረጅሙን ቁልፍ ተጫነች። አስማረ ዓይኑን ገለጠ። ቀጥ ብሎ አየን። ነጩን ተጫነች። ዓይኑን ጨፈነ።

ነገሩ በኋላ ሲገባኝ ቀላል ነው። መጀመሪያ ሲያነሣው ብልጭታው ዓይኑን አስጨፍኖታል፤ ይበልጣል እንደገና አነሣው፤ የተበላሸውንም ሳያጠፋው ቀርቷል። አስማረ ከመቀመጫው ንቅንቅ ስላላለ ሁለቱ ፎቶዎች ከዓይኑ በቀር አንድ ናቸው። ያን ጊዜ ግን ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ያየሁት የሞተ ወንድሜ ዓይኑን ሲገልጥና ሲጨፍን ነው። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።

"እምዬ፣ ተይ በቃ" አልኳት። የሰማችኝ አልመሰለኝም።

ገለጠ። ጨፈነ። ገለጠ። ሲገልጥ እምዬ ጎንበስ ትልና በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ታነጋግረዋለች። "አለሁ ሆዴ። መጣሁ። ዘገየሁብህ።" ነጩን ቁልፍ ልትጫነው ትልና ትተወዋለች። ተማሪዎቹ ወረፋውን ትተው ተጠጉ። ይበልጣልም ካሜራውን እንደያዘ መጥቶ ከኋላችን ቆመ።

በመጨረሻ ረጅሙን ቁልፍ ተጫነችና አስማረን ብዙ አየችው። ከዚያ የግራ እጇን አንሥታ መዳፏን ስክሪኑ ላይ፣ ግንባሩ ላይ አሳረፈች። በሌላው እጇ ነጩን ቁልፍ ተጫነች። መዳፏን ከግንባሩ ወደ ታች በቀስታ አወረደችው፤ ለአስከሬን እንደሚደረገው። ስታነሣው ዓይኑ ተከድኗል። ዳግመኛ ቁልፍ አልነካችም።

ያኔ ነው ያለቀሰችው። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም።

ስትረጋጋ ይበልጣል፣ "እማማ፣ ቀጣዩን ነው የማጥብልዎ። ይኼ የተበላሸው ነው፤ ዓይኑን ጨፍኗል" አላት።

"ይኸን ነው የምፈልገው።"

"ለለቅሶ እኮ ነው። ሰው ዓይኑን ቢያየው..."

"ልጄ፣ አንተ ዓይኑን ገልጠህ ነበር ያስቀመጥከው። እኔ ከደንኩለት። እንግዲህ ማንም አይግለጥብኝ።"

እኔም ልከራከራት ነበር። ፊቷን አይቼ ተውኩት። ይበልጣል የተጨፈነውን አሳድጎ አጠበላት። ልንወጣ ስንል እኔን ወደ ጎን ጠርቶ የተገለጠውን በትንሹ አጥቦ በወረቀት ጠቅልሎ እጄ ላይ አደረገልኝ። ዋጋ ብጠይቀው ራሱን ነቀነቀና ወደ ደንበኞቹ ተመለሰ።

እሑድ ጋቢው ተዘርግቶ ፎቶው ላዩ ላይ ተቀመጠ። ለቀስተኛው ሲያየው ይደነግጣል። "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ምነው የተኛ ሰው ፎቶ?" ሲሉ ከኋላዬ የሚያንሾካሹኩ ሴቶች ሰማሁ። እምዬ ቀና ብላ አላየቻቸውም።

ምናለ የመጣው ሰው ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ፎቶውን ሲያይ ቆመ፤ ከዚያ እንደ ተመታ ሰው በጉልበቱ ወደቀ። እግሯን ሊይዝ እየተንፏቀቀ ወደ እምዬ መጣ።

"እትዬ፣ እንዲህ አልነበረም። ዋሸሁ እንጂ ያን ያህል አልታመምኩም። ውኃ ልቀዳ ሄጄ ስመለስ ነው ያለፈ። ዓይኑ ወደ መንገዱ ተገልጦ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ፈራሁት። እንዲያው አፈር አለበስነው።"

እምዬ ምናለን ምን ልትለው ነው ብዬ አየኋት። እሷ ግን ራሱን በሁለት እጇ ይዛ አነሣችው።

"አውቄ ነበር። ዝምታህ ነግሮኛል። አሁን ተከድኗል፤ አንተም ተኛ ልጄ" አለችው።

ዛሬ በኮምፒዩተሬ ላይ ፎቶ ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቁልፍ እኔም ሥራ አስፈትቼዋለሁ። ያለፈ ፎቶ ማየት ስፈልግ ዞሬ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ባልደረቦቼ ይሣለቁብኛል፤ ምክንያቱን ነግሬያቸው አላውቅም። ዓይኑ የተገለጠው አስማረ የልብስ ሣጥኔ ውስጥ አለ። አንዳንዴ አወጣዋለሁ። እኔን ነው የሚያየኝ፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ለእምዬ እንዳለኝ አልነገርኳትም።

እሷ አርጅታለች። ልጠይቃት ሄጄ ወደ ቡሬ ስመለስ እስከ በሩ ድረስ ትሸኘኝና ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ትለኛለች። "ሲጠሩሽ ቶሎ ድረሽ" ትለኛለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ስልኬን አጥፍቼ አላውቅም።