የጄሶዋ ሴት ቀለም

«ዘመን ያጠፋው ቀለም» የሚል ሰው ስሰማ እስካሁን ደሜ ይፈላል።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ሲያትል የኬሚስትሪ ተማሪ ነበርኩ። በጥንታዊ የግሪክ ሐውልቶች ላይ የተረፈ ቀለም የሚያጠኑ ፕሮፌሰር ረዳት አድርገው ቀጠሩኝ። እጃችን ላይ ከመቃብር ሐውልት የተሰበረ የእብነ በረድ የሴት ራስ ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ነጭ ነው። በማይክሮስኮፕ ግን ከንፈሯ ጥግ ላይ ቀይ፣ የሻሿ እጥፋት ውስጥ ደግሞ ሰማያዊ ቅንጣት ተሸጉጧል። ሰማያዊው መዳብ እንዳለበት መርምሬ ያረጋገጥኩት እኔ ነኝ። ጉንጯ ላይ የብሩሽ ጭረት ነበር፤ ከመሬት ካወጧት በኋላ አንድ ሰው ነጭ እንድትሆንለት ፈግፍጓታል። ፕሮፌሰሩ ያንን ሰው ሲረግሙ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ለኤግዚቢሽኑ የጄሶ ቅጂ አሠሩና «ቀለሟን አንቺ መልሺላት» አሉኝ። ስህተት ከተገኘ እንዳርመው ብዬ ጄሶው ቀለሙን እንዳይመጥ በሙጫ ደፍኜ በውሃ የሚለቅ ቀለም ቀባሁት። ቀይ ከንፈር፣ ቡናማ ፀጉር፣ ሰማያዊ ሻሽ። ስጨርስ ሰው መሰለች። ስካይዌይ ሰፈር ባለው ቤታችን እራት ላይ ስለ ሻሿ ብቻ ስለማወራ እናቴ «ታዲያ፣ መቼ ነው የምናያት?» ትለኝ ነበር።

ፕሮፌሰሩ ሲያዩዋት ፊታቸውን ቋጠሩ።

«ቀለሙ ጮኸ። ትንሽ አለዝቢው።»

«ቅንጣቱ የሚያሳየው ይህንኑ ነው» አልኳቸው።

«ልክ ነሽ። ግን እንግዶቹ ገበያ የወጡ ይመስላቸዋል።»

ገበያ ሲሉ ያዩት እኔን ነው፤ የአገሬን ገበያ ማለታቸው ነበር። ተቃጠልኩ፤ ቀለሙን ግን አልነካሁትም።

በመክፈቻው ዕለት ስገባ ጄሶዋ ወተት መስላ ቆማለች። አጠገቧ ባለው ባልዲ ውስጥ ስፖንጅ ተነክሯል፤ ውሃው ሰማያዊ ነው። ማን እንዳጠባት መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ የፕሮፌሰሩ እጅጌ ጫፍም ሰማያዊ ነበር። ሰድቤያቸው መውጣት ነበር የፈለግኩት። እናቴ ግን ፌደራል ዌይ ከተማ አዛውንት ከምትጦርበት ሥራ አስፈቅዳ፣ የቸርች ልብሷን ለብሳ ፊት ለፊት ተቀምጣለች።

ፕሮፌሰሩ ንግግር ጀመሩ። ሐውልቶቹ በቀለም ያሸበረቁ እንደነበሩ ተናገሩ፤ ቀጥለው «የሚያሳዝነው፣ ዘመን አጠፋው» አሉ። እንግዶቹ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

እናቴ ወደ እኔ ዞር አለች። ድምጿንም አልቀነሰችም። «ሰማያዊ ሻሽ አድርጌላታለሁ አላልሽኝም እንዴ?»

ፕሮፌሰሩ ፈገግ ብለው ምን እንዳለች ጠየቁኝ።

«ቀለሙ የት ሄደ እያለች ነው» አልኩ በእንግሊዝኛ፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ። «ዘመን አላጠፋውም። ዛሬ ጠዋት በስፖንጅ ነው የታጠበው።»

ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ለእናቴ ደግሞ በአማርኛ «እጥፋቱ ውስጥ እዪው፣ እማ፤ ስፖንጁ እዚያ አይደርስም» አልኳት።

ተነሥታ ወደ ጄሶዋ ሄደች። መነጽሯን አስተካክላ ጎንበስ አለችና ረጅም ጊዜ አየች።

«አለ» አለች። «እዚህ ጋ ሰማያዊ አለ።»

ይህን እንድተረጉም ማንም አልጠየቀኝም።