በመጽሐፉ ውስጥ የሌለው በግ

ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ማንበብ እችላለሁ፤ ግን መስመሩን በጣቴ ካልተከተልኩ ይጠፋብኛል። ስለዚህ መጽሐፍ የማውቀው በጆሮዬ ነው። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ግድግዳው ላይ ሬዲዮ ነበር። ከሰዓት በኋላ ትረካ ሲጀምር ስድስታችንም ዝም እንላለን። የማሽኑ ጩኸት እንዳይሸፍነው ቁልፍ መትከልና ክር መልቀም የመሰለውን የእጅ ሥራ ለዚያ ሰዓት እናቆየው ነበር።

ከሰማናቸው ሁሉ የሁለት ወንድማማቾችን ታሪክ ያህል የወደድኩት የለም። ታናሹ እስር ቤት ሳለ ታላቅየው የአባታቸውን መሬት ብቻውን ይሸጠዋል። ታናሹ ሲፈታ ወደ ወንድሙ ቤት ሄዶ በሩን ያንኳኳል። የመጨረሻው ክፍል በሚተላለፍበት ቀን መብራት ጠፋ። ማሽኖቹም ሬዲዮውም አብረው ዝም አሉ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ስንከራከር ሰነበትን። አንዷ «ገና በሩን ሲከፍት ይገድለዋል» ትላለች፤ ሌላዋ «ቤቱን ሸጦ ሄዷል፣ የሚከፍትለት ሌላ ሰው ነው» ትላለች። እኔ ቤት ገብቼ ለልጄ ስተርክላት ግን ታላቅየው በሩን ከፍቶ አለቀሰ፤ በግም አረደ። በጉን የጨመርኩት ያን ሰሞን ልጄ ሥጋ አምሯት ስለነበር ነው። ደጋግማ አስተረከችኝ፤ በጉም በየጊዜው እየሰባ ሄደ። ፈጥሬው እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልነገርኳትም።

ልጄ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰች። ሥራ ስትይዝ ሦስት ጓደኞች አገኘች። ቅዳሜ ቅዳሜ በየተራ አንዱ ቤት እየተሰበሰቡ የሚወዱትን መጽሐፍ ወይም ዘፈን ወይም ፊልም ያቀርባሉ። አንዱ ያቀርባል፣ የቀሩት በትችት ያፈርሱበታል። መከላከል ያቃተው ማኪያቶ ይጋብዛል። ከአራቱ ጓደኛሞች መካከል ወላጆቿ ያልተማሩት የእኔ ልጅ ብቻ ነበረች። ከዚያ ስትመለስ ግን ፊቷ እየበራ ነው። «እማዬ፣ ዛሬ የአንዱን ፊልም አፈር አበላሁት!» ትለኛለች። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ንቀው ይተዋታል ብዬ እፈራ ነበር። እነዚህን ልጆች እንዳታጣ ከሷ ይልቅ እኔ እጠነቀቅ ነበር።

ተራው መካኒሳ እኛ ቤት የደረሰ ቀን ከማለዳ ጀምሬ ተጨነቅሁ። የሶፋውን ልብስ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፤ የተሰነጠቀውን ኩባያ ደበቅሁ። ሻይና ዳቦ አቅርቤ በሩ አጠገብ ቆምኩ።

መጀመሪያ አንዷ ልጅ በስልኳ ዘፈን አሰማች።

«ይሄ እኮ ሰው እስኪሞላ ታክሲ ውስጥ የሚከፈት ዘፈን ነው» አለ መነጽር ያደረገው ልጅ።

«አንተ ደግሞ ዘፈን ሳይሆን ቃለ ጉባኤ ነው የሚጥምህ» አለችው። ተሳሳቁ።

ቀጥሎ የልጄ ተራ ሆነ። ስለ ወንድማማቾቹ መጽሐፍ ማውራት ጀመረች። ገበያ ላይ ፈልጋ አጥታዋለች፤ ግን ከእኔ አፍ የሰማችውን ያነበበችውን ያህል ነበር የምታምነው። «እንደሱ መጨረሻው የሚያምር ልብወለድ የለም» አለችና ስለ በሩ፣ ስለ እንባው፣ ስለ በጉ ተናገረች።

መነጽር ያደረገው ልጅ ስልኩን ነካካ። «ቆይ፣ ቴሌግራም ላይ አለ» ብሎ የመጨረሻውን ገጽ ጮክ ብሎ አነበበው። ታላቅየው በመስኮት አይቶት መጋረጃውን ይዘጋል። ታናሹ ጥቂት ቆሞ ይሄዳል። በቃ፣ አለቀ።

«በጉስ?» አለች ዘፈን ያሰማችው ልጅ።

«በጉ አጥር ዘሎ የገባ ነው» አለ ባለመነጽሩ።

«የፋሲካ እትም ነው እንዴ ያነበብሽው?» አለች ሦስተኛዋ።

ልጄ አልደነገጠችም። የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ፈገግ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ ናት በሬዲዮ ሰምታ የነገረችኝ። እስቲ ንገሪያቸው፤ ሬዲዮው ላይ እንደዚያ አልነበረም?»

«እውነት ነው ማዘር? በግ ነበረው?» አለኝ ልጁ።

በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት ይህን ነው፤ ልጅ ብትሳሳት ይታለፋል፤ እናቷ ውሸታም መሃይም ናት ከተባለ ግን ሁልጊዜ በዚያ ያዩአታል። አስቤ ነው የተናገርኩት።

«እኔ እንኳ እንደዚያ አላልኳትም» አልኩ። «ቀላቅላው ይሆናል። ከልጅነቷ መፍጠር ትወዳለች።»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። «ስለዚህ ስታፈርሺብን የከረምሽው ሁሉንም ሳታነቢ ነው?» አላት ባለመነጽሩ። ሲወጡ ደረጃው ላይ ሆነው «ቻው በጊቱ!» እያሉ ተጣሩ። ልጄ ኩባያዎቹን አጠበች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቤት አልወጣችም።

«አትሄጂም ልጄ? እነሱ እኮ ረስተውታል።»

«ሳምንቱን ሙሉ የበግ ፎቶ ሲልኩልኝ ነው የሰነበቱት። ከግሩፑ ወጥቻለሁ።»

ያኔ ነገርኳት። መብራት መጥፋቱን፣ መጨረሻውን ፈጥሬ እንደነገርኳት፣ የካድኳትም ፈርቼላት እንደሆነ።

«አውቃለሁ» አለች። «እዚያው ፊትሽ ላይ አይቼዋለሁ።» ቀጥላም «አባቴስ?» አለችኝ።

አባቷ የሞተው እሷ አራት ዓመቷ ሳለ ነው። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ እኔ ብቻ አጠገቡ ሆኜ። ሁልጊዜ ስትጠይቀኝ «መጨረሻ ላይ የጠራው ያንቺን ስም ነው» እላት ነበር።

«ስሜን ጠርቷል ወይስ አልጠራም?»

አዎ ማለት እችል ነበር። ግን ዓይኗን ከፊቴ አልነቀለችም።

«ውሃ ጠየቀኝ» አልኳት። «ጠጣና ወደ ግድግዳው ዞረ። ሌላ ምንም አላለም።»

አላለቀሰችም። ከጎኗ ያለውን ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ።

«ሌላ የፈጠርሽው ያለ እንደሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ። አንድ ላይ ልስማው።»

ነበረ። ብዙ ነበረ። ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ።