ለካ ልጄ ተሞሽራ ነበር

ልጄ ሙሽራ እንደነበረች ዛሬ ሰማሁ።

አልማዝዬን የገደሏት በደርግ ጊዜ ነው። ወግ ማዕረጓን ሳላይ ቀረች እያልኩ እስከ ዛሬ አለቅስ ነበር።

ዛሬ ሽሮ ሜዳ የሙሽራ ልብስ የምትሰፋ የድሮ ጎረቤቴ ታማ ልጠይቃት ሄድኩ። እጄን ያዘችና፣ «እትዬ፣ ይህን ይዤ መቃብር አልገባም። አልማዝን በድብቅ የዳርኳት እኔ ነኝ» አለችኝ።

ያገባችውን ልጅ ደርጎች ይፈልጉት ስለነበር ሰርጉ በእሷ ጓዳ ሆነ። አልማዝ፣ «ለእማዬ ራሴ እነግራታለሁ፣ አንቺ እንዳትነግሪያት» ብላ በማርያም አስማለቻት። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም ተገደሉ።

የጉለሌን ወሬ ሁሉ የምሰማው ከዚህች ሴት ነበር። የእኔን ብቻ ዋጠችው!

«አምሮባት ነበር?» አልኳት።

«በጣም! ቀሚሱ ወገቧ ላይ ሰፍቷት፣ ‹እማዬ እዚህ ብትኖር ታጠብበው ነበር› እያለች ሳቀች።»

አጠብበው ነበር እኮ፣ ልጄ።

እናንተም ቤት እንዲህ ተደብቆ የተደገሰ ሰርግ ካለ ጻፉልኝ።

ስትጸልዩ ወለተ ማርያም ብላችሁ ነፍሷን አስቡልኝ። የባሏን የክርስትና ስም የሚያውቅ አላገኘሁም፤ «ከነባሏ» በሉልኝ።