ሳይጣራ የቀረው ኖራ

ሰሞኑን እዚህ ሮቤ፣ ከቤቴ ጀርባ አዲስ ፎቅ እየተለሰነ ነው። ንፋሱ የእርጥብ ኖራ ሽታ ይዞ ሲገባ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ መሆኔ ይጠፋኝና፣ እጇን በቀሚሷ የምትጠርግ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

አባቴ ከድር ለሳኝ ነበር። ከሶፍ ዑመር በኩል ተቃጥሎ በአህያ የሚመጣውን የኖራ ድንጋይ ጓሯችን በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ያጠጣዋል፤ ኖራው እየተንፈቀፈቀ ይፈላል፣ ይጨሳል፣ ከሳምንታት በኋላም እንደ እርጎ ይረጋል። ለኖራ የነበረውን ትዕግሥት ግማሹን ለእናቴ ቢያሳያት ቤታችን ሰላም በሆነ ነበር። በወንፊት ማጣራቱ የእኔ ሥራ ነው።

በደርግ ጊዜ፣ አንድ ክረምት መውጫ ላይ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር መጡ። ለአብዮት በዓል ከጎባ እንግዶች ስለሚመጡ የቀበሌው አዳራሽ በሳምንት ውስጥ ተለስኖ እንዲያልቅ ፈለጉ።

«ኖራው ገና ጥሬ ነው፣ ጊዜ ይስጡኝ» አላቸው አባቴ።

«አብዮቱ ኖራ አይጠብቅም፣ ጓድ ከድር!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን እህል አልወርድ አለው። ውሃ ያልጠገበ የኖራ ጓል ግድግዳ ውስጥ ከገባ፣ ቆይቶ እያበጠ ልስኑን እንደሚያፈነዳው ያውቃል። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጠጠር የምታክል እንኳ እንዳታመልጥሽ፣ አደራ» አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አጣራሁ። በሦስተኛው ቀን ኖራው የጣቶቼን ቆዳ ልጦ ሲያንገበግበኝ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ባልዲዎች ሳላጣራ ከአሸዋው ጋር ደባለቅኳቸው።

በበዓሉ ቀን ከጎባ የመጡት እንግዳ ንግግር ሲጀምሩ ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ጧ አለና ቅራፊው ትከሻቸው ላይ አረፈ። ልጆች ሳቁ። ሁለተኛው ጓል ፈነዳ፣ ከዚያ ሦስተኛው፤ እኔ ቀጣዩን እየጠበቅኩ ግድግዳው ላይ አፈጠጥኩ። ሊቀመንበሩ «ይሄ አሻጥር ነው!» ብለው ጮኹ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ ተብሎ የተወሰደ ሰው መመለሱ አይታወቅም። አባቴ ብድግ ብሎ «ያቦካሁት እኔ ነኝ» አለ። እኔ ከሴቶቹ መሀል እንደተቀመጥኩ አንገቴን ደፋሁ፤ አባቴን ይዘውት ሄዱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ «አልሐምዱሊላህ» እያለ ተመለሰ። ምንም አልጠየቀኝም። ግን ጓሮ ሲሠራ ዳግም አልጠራኝም፤ ልጠጋው ስል «ግቢ፣ ትምህርትሽን አጥኚ» ይለኛል፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።

ሰዎች ዛሬም ድረስ አስተማሪ የሆንኩት አባቴ አርቆ አሳቢ ስለነበረ ነው ይላሉ። እኔም አዎ እላለሁ። ከሞተ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው፤ እኔ ግን «አባ፣ ያላጣራሁት እኔ ነኝ» የምልበትን ጥሩ ቀን በሆዴ እያማረጥኩ አለሁ።