ሁለት ሚሊ

ሰፈሩ አባቴን «ሚሊ» ይለዋል። አርባ ዓመት መስታወት ሲቆርጥ አንድ ሚሊ ሜትር ስቶ አያውቅም ይባላል፤ እሱም አስተባብሎ አያውቅም። ሥራ ካቆመ ወዲህ ግን መቀመጥ አልሆንልህ ብሎታል። ቁጭ ይላል፣ ይነሳል፣ ደህናውን ነገር ይፈታል። የመኝታ ቤቴን በር ብቻ ሦስቴ ነቅሎ ሦስቴ ገጥሞታል።

እኔ የቲማቲም ችግኝ አፈላለሁ። የችግኝ ቤቱ ጣሪያው መስታወት ነው፤ የእናቴ ነበር፣ የሠራላትም እሱ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር የውሃው ፓምፕ ይቆምና ችግኙ አንገቱን ይደፋል። ስለዚህ ስድስት የፀሐይ መስታወት አስመጣሁ። ጥቋቁር መስመር አላቸው፤ በመስመሮቹ መሃል ያለፈው ብርሃን ችግኙን ያሳድጋል፣ መስመሮቹ ላይ ያረፈው ደግሞ ኤሌክትሪክ ሆኖ ፓምፑን ያዞራል።

ሊገጥም የመጣው ቴክኒሺያን፣ «አደራ፣ ይኼ አይቆረጥም። ጠርዙ ከተነካ አለቀለት» አለን።

«የማይቆረጥ መስታወት ደግሞ ምኑ መስታወት ነው?» አለ አባቴ።

አምስቱ ገቡ። ስድስተኛው አንድ ማዕዘን ላይ እምቢ አለ። ቴክኒሺያኑ ሜትሩን ዘርግቶ ለካና፣ «መስታወቱን የሚይዘው የጣሪያው እንጨት ሁለት ሚሊ ጠቧል፤ ሞርዱት፣ ነገ እመለሳለሁ» ብሎን ሄደ። የአባቴ ፊት ተለዋወጠ። ላይ ታች ይላል፣ ኪሱን ይዳብሳል። ኪሱ ውስጥ መስታወት መቁረጫው አልማዝ እንዳለ ስለማውቅ እኔም ልቤ አላርፍ አለ።

«አባዬ፣ እንዳትነካው።»

«ምን ነካሽ፣ ሕፃን ነኝ እንዴ?»

ደንበኛ አንኳኩቶ በር ልከፍት ሄድኩ። ስመለስ ስድስተኛው መስታወት ቦታው ላይ ልክክ ብሎ ተቀምጧል። አባቴ አልማዙን ኪሱ እየከተተ ቀና ብሎ አላየኝም። ክው አልኩ።

በማግስቱ ሽቦው ሲገናኝ ፓምፑ ጭጭ አለ። የተቆረጠው መስታወት ሞቷል፣ በአምስቱ ብቻ አይነሳም፤ ምትኩ የሚደርሰው ከአምስት ቀን በኋላ ነው፤ መብራቱም ጠፍቷል። ሦስት ሺህ ችግኝ ውሃ ይጠብቃል።

ልክ ልኩን ነገርኩት። «ሚሊ መባልህን ከኔ ችግኝ አስበለጥከው!» አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ተናግሬው አላውቅም። ባልዲ አነሳ። አምስት ቀን ሙሉ ከጉድጓዱ እየቀዳ፣ በጣሳ እየለካ፣ እያንዳንዱን ችግኝ አጠጣ። አረፍ በል ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ወገቡን ይዞ ሲነሳ እያየሁ ንዴቴም ጸጸቴም አላስቀምጥ አሉኝ።

ምትኩ በሚደርስበት ቀን ጠዋት መሰላል ላይ ቆሞ እንጨቱን ሲሞርድ አገኘሁት።

«ስሠራው ነው የጠበበው» አለ ሳያየኝ። «ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ። የድሮውን መስታወት በጠበበው ልክ እየቆረጥኩ ደበቅኩት።»

«አንተ? እንዴት ሳትክ?»

«እናትሽ ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር። ስትወጣ እንድታየው ቸኩዬ፣ አንቺን አዝዬሽ ነው የለካሁት። ስታለቅሺብኝ ሜትሩን ለቀቅኩት።»

መሰላሉ ሥር ተጠግቼ የሜትሩን ጫፍ ያዝኩለት። ዘንድሮም አለቀስኩበት። ሜትሩን ግን አልለቀቀም።