የኮታ ላምና አዲሱ ተዋጊ

ዓመቱን በእርግጠኝነት መናገር ይከብደኛል። አንድ የድብድብ ጌም አምራች ኩባንያ ከአንድ የፊልም ድርጅት ጋር በሽርክና ለመሥራት መፈራረሙ በተሰማበት ሳምንት፣ በሶዶ ጌም ቤቶች ሌላ ወሬ አልነበረም። ከድርጅቱ ታዋቂ ፊልም የትኛው ገጸ ባሕርይ አዲስ ተዋጊ ሆኖ ወደ ጌሙ ይገባል? የልጅ ልጄ የምትጫወትበት ቡድን አለቃ አልነበረውም፤ በትክክል የገመተ ሰው አለቃ እንዲሆን ተስማሙ። ከእርሷ በቀር ሁሉም የፊልሙን ዋና ጀግና ጠሩ።

የልጅ ልጄ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ከመካከላቸው ብቸኛዋ ሴትም እርሷ ነበረች። “አባባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?” አለችኝ።

ስለ ጌም አላውቅም። ስለ ኮታ ግን፣ ማለትም በወላይታ ባለ ላሙ ግማሽ ድርሻውን ለሌላ ቤት ሰጥቶ በጋራ ስለሚያረቡበት ልማድ፣ በማስተምርበት ዘመን አጥንቻለሁ። “ሰው ለአዲስ ሸሪክ ምርጧን ላም አያካፍልም፤ በሁለተኛዋ አያያዙን ያያል” ያልኳት ይመስለኛል። ቃሉ ይኸው ስለመሆኑ ትዝታዬን አላምነውም።

እርሷም ፊልም ሠሪዎቹ ዋናውን ጀግና ቀድመው አይሰጡም ብላ የጀግናውን አሮጊት አሠልጣኝ ገመተች።

“አያትሽ ከብት ነጋዴ ናቸው እንዴ?” ብለው ሳቁባት።

“ቢሆኑም እናንተን አይገዙም” አለቻቸው።

የአዲሱ ተዋጊ ማስታወቂያ የወጣ ዕለት ከጌም ቤቱ በቪዲዮ ደወለችልኝ። በግድግዳው ስክሪን ላይ አሮጊቷ አሠልጣኝ አንዱን ጎረምሳ ተዋጊ በከዘራዋ ስትዘርረው አየሁ። የሳቁባት ሰዎች ከኋላዋ ቆመው፣ “እሺ አለቃ፣ በአሮጊቷ መጀመሪያ ማን ይጫወት?” ሲሉ ሰማሁ።

“እኔ” አለችና ስልኩን ዘጋችብኝ።