የኪንሲ ድምፅና የሞሐሙድ ባጃጅ

ኪንሲ ታይዋን ገበያ ውስጥ ሽቲ ቀሚስና ሻሽ ትሸጣለች። የሰፈሯ ሰው ለከተማው ምክር ቤት የመረጣት፣ ባለሱቆች ሲጣሉ በሦስት ቋንቋ ተቆጥታ በአንዱ ስለምታስታርቃቸው ነበር። ምክር ቤት ከገባች ወዲህ ግን በየትኛውም ቋንቋ ተናግራ አታውቅም። እዚያ የሚነገረው አማርኛ የገበያው አማርኛ አይደለም፤ «ከመሆኑ አንጻር» ተብሎ ይጀመርና ምንም ሳይሆን ያልቃል።

ባሏ ሞሐሙድ ባጃጅ ነጂ ነው፤ የነጂዎቹ ማኅበር ሊቀመንበርም እሱ ነበር። ስብሰባ ባለ ቁጥር የሚያደርሳት እሱ ነው። የዚያን ቀን ለውይይት የሚቀርበው ስለ ዘመናዊ ትራንስፖርትና ስለ ተሽከርካሪ ቴክኖሎጂ የተረቀቀ አዋጅ ነው። ከጸደቀ በመሀል ከተማ የሚሠሩ ባጃጆች ሁሉ ቤንዚን ትተው በኤሌክትሪክ ይሄዳሉ። ማኅበሩም ቢያንስ ጊዜ ይሰጠን ብሎ አስቀድሞ ለአፈ ጉባኤዋ አመልክቶ ነበር። ሞሐሙድ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር እየነዳ መንገዱን ሁሉ ሲለምናት ሄደ።

«ኪንሲ፣ ይሄ ነገር ዛሬ ካለፈ ቤታችን ፈረሰ በይ።»

«ሰማሁህ።»

«ስሚኝ አላልኩሽም። እጅሽን እንዳታወጪ ነው ያልኩሽ።»

«አላወጣም አልኩህ እኮ፣ አቦ! አሁን መንገዱን እያየህ ንዳ።»

ከልቧ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ክርክሩ ከትርጓሜው አንቀጽ አላልፍ አለ። አንዱ አባል «ባለሦስት እግር» ይባል አለ፤ ሌላው ተሽከርካሪ እግር የለውም፣ «ባለሦስት ጎማ» ነው የሚባለው ብሎ ተቃወመ። ከገጠሩ፣ ከጀልዴሳ የመጡት ሽማግሌ፣ አቶ ዐብዲሻኩር፣ «እኛ ዘንድ ያለው ባለአራት እግር ነው። ለግመልም ቻርጅ ማድረጊያ ይተከላል ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ሳቀ፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። በመጨረሻ «ጎማ» አሸነፈና ተጨበጨበ።

ከሻይ በኋላ አቶ ጢሞቴዎስ ተነሣ። ረቂቁን አጥብቆ የሚቃወም አባል ነው፤ ሞሐሙድና ጓደኞቹም ተስፋቸውን የጣሉት በእሱ ላይ ነው።

«ክብርት አፈ ጉባኤ» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እነዚህ ምስኪን ወንድሞቻችን ያልተማሩ ናቸው። ቴክኖሎጂ አይገባቸውም። ባትሪውን ገና በሳምንቱ ነው የሚያቃጥሉት። ስለዚህ እንዘንላቸው፤ ባሉበት እንተዋቸው!»

የኪንሲ ጆሮ ጋለ። እንድትናገር ሲፈቀድላት ገበያ መሀል ያለች ያህል ጮኸች።

«የኔ ባል ባጃጅ ነጂ ነው። ሞተሩን ግቢያችን ውስጥ ዘርግፎ፣ አጥቦ፣ መልሶ ይገጥመዋል። ማን አስተማረው? ማንም! ባትሪ ነው የሚያቅተው? ዋላሂ አያቅተውም! ድሀ ነው በሉ፣ እሺ። ደንቆሮ ነው ግን አትበሉኝ!»

አዳራሹ ከቅድሙ የበለጠ አጨበጨበ። አፈ ጉባኤዋም ጭብጨባው ሳይበርድ ድምፅ አሰጠች። ኪንሲ የተሟገተችው ለባሏ ነበር፤ ለአዋጁ አልነበረም። እንደዚያ ተናግሮ እጅን ማጠፍ ግን አይሆንም። አወጣች። አዋጁ አለፈ።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደጅ ደረሰ። ስትወጣ ባጃጁ የለም፤ በዚያ ፀሐይ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ በእግሯ ተሻግራ ቤቷ ገባች። ሞሐሙድ ያቀረበችለትን ሩዝ ጀርባውን ሰጥቷት በላ።

በማግስቱ ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ጫት ላይ ተቀምጦ ሳለ ሬዲዮው ንግግሯን አሰማ። «ማን አስተማረው? ማንም!» ሲል ሁሉም ዞረው አዩት።

ጓደኛው ኻሊፍ፣ «ለመሆኑ ባትሪ ታውቃለህ እንዴ?» አለው።

ሞሐሙድ ጨነቀው። አዋጁን ልቃወም ቢል ደንቆሮ ነኝ ማለት ሊሆንበት ነው።

«ምን አለው? ከሞተር ይቀላል» አለ።

እንዲህ ካለ በኋላ መመለሻ አልነበረውም። አሮጌውን ሸጦ፣ ከማኅበሩ ሁሉ ቀድሞ ኤሌክትሪኩን አመጣ። መብራት የሄደ ቀን ይቆማል፤ ሲጠይቁት «አሳርፌው ነው» ይላል። ኻሊፍ የቤንዚን ባጃጁን አጠገቡ ሲያቆም አፍንጫውን በፎጣ መሸፈን ጀመረ።

ነገሩ እንዲህ ከተለመደ በኋላ ምክር ቤቱ እንደገና ተሰበሰበና፣ በነጂዎቹ ልመና አዋጁ ሥራ ላይ የሚውልበትን ቀን አራዘመው።

«ማን ለመነ?» ብሎ ጮኸ ሞሐሙድ፣ ኪንሲ ስትነግረው።

«ማኅበራችሁ ነዋ! አፈ ጉባኤዋ ዘንድ ስትሄዱ ከፊት የነበርከው አንተ አይደለህም?»

«እሱ እኮ ያኔ ነው!»

«መልሱ ዛሬ ደረሰ።»

«አንቺስ? እጅሽን አወጣሽ?»

«አወጣሁ። አንዴ እንኳ ያልከኝን ላድርግ ብዬ።»

ሞሐሙድ በኤሌክትሪክ እየነዳ የቤንዚን ነጂዎች መሪ መሆን ስላልሆነለት ሊቀመንበርነቱን ለኻሊፍ ለቀቀ። ኤሌክትሪኩን ግን አልሸጠም፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩን ሠራተኞች ያመላልስበታል። ሴቶቹ ወደዱት፤ ድምፅ ስለሌለው ከፋብሪካ እንደወጡ ተደጋግፈው ይተኙበታል። አንድ ቀን ሸዋገነት የምትባል የስፌት ሠራተኛ ስትወርድ፣

«ይሄን ሕግ ያወጣችው ሚስትህ ናት አሉ፣ እውነት ነው?» አለችው።

«አዎ» አላት ሞሐሙድ መሪውን እያዞረ፣ «እኔ ነኝ የመከርኳት።»